የሩዝ ነጋዴው የእዝን ፖስታ

ናም ኪቾል ከሩዝ ሱቁ ጓሮ፣ ከብረቱ መሰላል ሥር፣ በጀርባው ተዘርሮ ነበር። አጠገቡ አንድ ጆንያ ሩዝ ፈንድቶ ነጩ እህል ደሙ ላይ ተበትኗል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ሁከቱ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ። ሰማዩ በጭስ ጠቁሯል፤ ከየአቅጣጫው የእሳት አደጋ መኪና ይጮኻል፤ ወደዚህ ሰፈር የሚመጣ ግን አንድም የለም።

«እትዬ፣ ቶሎ ይምጡ» አለ ቻ ዮንግሱ ከላውንደሪው በር ላይ ቆሞ። ከሩዝ ሱቁ ቀጥሎ ያለው የብረታ ብረት ሱቅ ባለቤት ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ደሙ ቶሎ የሚፈላ። «ጋሼ ናምን ገደሏቸው። ገዳዩን በእጄ ይዤዋለሁ።»

ኖ ኬሱክ እርጥብ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ እየሰቀለች ነበር። ወለሉ ላይ ጣለችው።

«ፖሊስ ጋ ደወልክ?»

«አርባ ጊዜ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አንስታ የምንልከው ሰው የለንም አለችኝ። ሰውማ አላቸው፤ የሀብታሞቹ ሰፈር መግቢያ ላይ ደርድረውታል። እኛ ነን የሌለን።»

ኬሱክ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የከተማው ሰው የሚያውቃት በካውያዋ ነው። ከዚያ በፊት በዴጉ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንጀል መርማሪ እንደነበረች የሚያውቁት የሰፈሩ ኮሪያውያን ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ እስከዚያ ቀን ነገሩን የሚያነሱት ለቀልድ ነበር።

ፍርድ ቤቱ አንድ ጥቁር ሰው ሲደበድቡ በካሜራ የተቀረጹትን ፖሊሶች በነጻ ባሰናበተ ዕለት ነበር ሎስ አንጀለስ የነደደችው። ፍርዱን የሰጡት ሰዎች ሰፈር አልነደደም። የነደደው የተበዳዩ ሰፈርና እዚያ መሐል ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው መጤ ነው። እነዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ አራት ሱቆች፣ ማለትም የናም ሩዝ ቤት፣ የቻ ብረታ ብረት፣ የማንግ የቴሌቪዥን መሸጫና የኬሱክ ላውንደሪ፣ እስካሁን የቆሙት ባለቤቶቻቸው ጣሪያው ጠርዝ ላይ የሩዝ ጆንያ ደርድረው፣ ጠመንጃ ይዘው ስለወጡ ብቻ ነው።

ኬሱክ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ከፊቱ ይልቅ ብዙ ያየችው ልብሱን ነው። የሱቅ ሽርጡ በግራ በኩል፣ ከአንገቱ አጥንት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጠባብ ቀዳዳ አለበት፤ ክሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሬሳውን በቀስታ በጎኑ አዘነበለችው። ከኋላ፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ፣ ሸሚዙ ተተርትሯል፤ እዚህ ክሩ ወደ ውጭ ወጥቷል። ከእግሩ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ አስፋልቱ በጥይት ተቦርቡሯል።

የሽርጡን ኪስ ዳበሰች። ነጭ ፖስታ ወጣ። ላዩ ላይ በጥቁር ቀለም፣ ተጠንቅቆ የተጻፈ የሐዘን ቃል አለ። ኮሪያዊ ገንዘብ ከትቶ ለቅሶ ቤት የሚይዘው የእዝን ፖስታ ነው።

«ከእኛ ሰው ማን ሞቷል?» አለች።

«ማንም። ከሳቸው በቀር።»

«ለራሱ እዝን አልያዘማ።» ፖስታውን ኪሷ ከተተችው። «ያዝኩት ያልከው ሰው ማነው?»

«ከጓሮ ያለው ጥቁሩ። ዘራፊዎቹን አባርረን በመሰላሉ ስወርድ ጋሼ ናም ላይ ተደፍቶ አገኘሁት፤ እጁ ደም በደም። ዕቃ ቤቴ አስሬዋለሁ። አሁን ለሬዲዮ ጣቢያችን እደውላለሁ፤ አንድ ጥቁር ጋሼ ናምን ገደላቸው ብዬ። ሁሉም ይስማ።»

ከሦስት ቀን ወዲህ የሰፈሩ ኮሪያዊ ሁሉ ጆሮው ያለው እዚያ ሬዲዮ ላይ ነው። በአንድ ጥሪ መቶ ጠመንጃ የያዘ ሰው ይመጣል።

«ከዚያስ?» አለች ኬሱክ።

«ከዚያማ ሁሉም ማድረግ ያለበትን ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ስልኩን የማትነካው። ሁለት ሰዓት ስጠኝ። ገዳዩን ካላገኘሁ ቁጥሩን እኔው ራሴ እመታልሃለሁ።»

ቻ ጥርሱን ነከሰ። ቢሆንም ሴትዮዋ ከእናቱ ትበልጣለች፤ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ከአንተ ልጀምር። ሁሉንም ንገረኝ።»

«ጣሪያው ላይ ሦስት ነበርን። ጋሼ ናም ለሰባት ዐሥር ጉዳይ ሲል ‹ትንሽ ጉዳይ አለኝ› ብለው ወረዱ። ወዲያው ሦስት መኪና ሙሉ ሰው መጣ። ድንጋይ፣ ቤንዚን ያለበት ጠርሙስ። እኔ ከፊት በግራ በኩል፣ ጋሼ ማንግ ከፊት በቀኝ በኩል ሆነን ወደ ሰማይ ተኮስን። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ሄዱ።»

«በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንግን ታየው ነበር?»

«የማየው መንገዱን ነበር። በሆዴ ተኝቼ። ይኸው።» ሸሚዙን አሳያት። ደረቱና ክርኖቹ በሬንጅ ተለቅልቀዋል፤ በቀትር ፀሐይ የጣሪያው ሬንጅ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል።

«ጠመንጃችሁስ?»

«ሦስታችንም አንድ ዓይነት ነው የያዝነው። በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የገዛነው።»

«እዝን ለትኩስ ሞት ነው የሚያዘው። ትናንትስ እዚህ ምን ነበር?»

ቻ ግንባሩን ቋጠረ። «ትናንት ምን አገናኘው? ጀምበር ስትጠልቅ እኔ በር መዝጊያ ጣውላ ላመጣ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሁለቱ አይነጋገሩም። ጋሼ ናም ጥግ ሄደው ያስመልሳቸው ነበር። ከጭሱ ነው አሉኝ።»

ኬሱክ ከላውንደሪዋ ንጹሕ ነጭ አንሶላ አምጥታ፣ ሁለቱ ተጋግዘው ናምን ወደ ሱቁ አስገቡትና በራሱ የሩዝ ጆንያዎች ላይ አስተኙት።

ሚስቱ ታክ ሚራን ከራስጌው ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ፊቷ እንደ ድንጋይ ነበር።

«እትዬ ኖ፣ ሀያ ሁለት ዓመት ሩዝ አሸከመኝ» አለች። «ቤቱን ለመጠበቅ ጣሪያ ላይ ሲወጣ እሺ አልኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ነጭ ፖስታ የት አለ ብሎ መሳቢያውን ሲያምስ ሰማሁት። ሱቅህ እየነደደ አንተ ለቅሶ ልትደርስ ነው ወይ፣ አብደሃል ወይ ብዬ ጮኽኩበት። ከእኔ የሰማው የመጨረሻ ቃል ጩኸት ነው።»

«ማን ሞተ ብለሽ አልጠየቅሽውም?»

«ጠየቅሁት። ‹መጀመሪያ አንድ ሰው ራሱ ይናገር ብዬ እየጠበቅሁ ነው፤ ዛሬ ካልተናገረ እኔ እነግርሻለሁ› አለኝ።»

ኬሱክ፣ «ምሳ ያደረስሽላቸው አንቺ ነሽ?» አለች።

«ስድስት ሰዓት ላይ። የባሕር አረም ሾርባ በድስት ይዤ መሰላሉ ጋ ሄድኩ፤ ማንግ ሊቀበለኝ ወረደ። ሳህኑን እጉልበቱ ላይ ደፋው። ያ ቡኒው ሱሪ። ቀይርና ልጠብልህ ስለው ሳቀብኝ። ወታደር ለሾርባ ብሎ ሱሪ አይቀይርም አለኝ።»

ከዚያ ኬሱክ ወደ ቻ ዕቃ ቤት ገባች። ክሊፍተን ቢዝሊ በሚስማር ካርቶኖች መሐል፣ እጁ በኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ኋላ ታስሮ ተቀምጧል። ሀምሳ ሰባት ዓመቱ፣ የአውቶቡስ መካኒክ፤ ከሱቆቹ ጀርባ ባለችው አረንጓዴ ቤት ሀያ ዓመት ኖሯል። የሥራ ልብሱን የምታጥበው እሷ ናት። ሽቦውን በጉጠት ቆረጠችለት። እጁ አንጓ ላይ ቆዳው ተልጧል።

«አቶ ቢዝሊ፣ ይቅርታ። ጥያቄ አለኝ» አለች በእንግሊዝኛዋ።

«ጥያቄ አላት» አለ ቢዝሊ ለግድግዳው። «እኔም አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የእኛ ሰዎች እዚህ ሱቅ እንዳይደርሱ መንገድ ላይ ቆሜ ስለምናቸው ነበር። አይተሽኛል ወይዘሮ ኖ?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ይኼ ሽቦ ምንድን ነው?»

ኬሱክ ነጩን ፖስታ አውጥታ አሳየችው። ቢዝሊ አይቶት ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ድምፁ ተቀየረ።

«ለተከራዬ ቤተሰብ እይዛለሁ ያለኝ ነው። ናም አልረሳም ማለት ነው። ከኋላ ያለችውን ክፍሌን ኤውሴቢዮ ቾክ ለሚባል ሰው አከራይቼ ነበር። ከጓቲማላ ነው። ዳቦ ጋጋሪ። ትናንት ጀምበር ስትገባ፣ ዳቦውን በፌስታል ይዞ ከሥራ ሲመጣ ማዕዘኑ ላይ ጥይት አገኘው። አልዘረፈም፣ ድንጋይ አልወረወረም። ዛሬ ንጋት ላይ ሆስፒታል ሞተ። ሚስቱ የሰባት ወር እርጉዝ ናት።»

«ለናም ነገሩት?»

«ጠዋት። መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ አውቃለሁ አለኝ። ስም አልጠራም። ‹ሰውየው ራሱ እንዲናገር እስከ ቀትር ጊዜ እሰጠዋለሁ፤ እምቢ ካለ እኔ እናገራለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ጓሮ ጠብቀኝ፤ ሩዝ ይዤ ሚስቲቱ ጋ አብረን እንሄዳለን› አለኝ። እኔ ስደርስ መሬት ላይ ነበር። ደሙን በእጄ ልይዝ ሞከርኩ።» እጁን አየው። «እነሱ ያዩት እጄን ነው። ሌላ ምንም አላዩም።»

ኬሱክ በብረቱ መሰላል ወደ ጣሪያው ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከመሰላሉ አፍ አጠገብ ለስላሳው ሬንጅ ላይ አንድ ክብ ጉድጓድ፣ ከሱ ወደ ኋላ የጫማ ጫፍ ምልክት አለ። አንድ ሰው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ታች አይቷል።

ማንግ ዶህዋን ከፊተኛው ጠርዝ፣ ከሩዝ ጆንያው ጀርባ ተቀምጦ መንገዱን ይቃኛል። አርባ አራት ዓመቱ፣ ሰፊ ትከሻ፤ በወጣትነቱ ከኮሪያ ባሕር ወለድ ጦር ጋር ቬትናም ዘምቷል። ማን የት እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚተኮስ ለሁሉም ያስተማረው እሱ ነው። ሰፈሩ በሁለት ቀን ውስጥ ጀግና አድርጎታል።

«አቶ ማንግ፣ ሲተኩሱ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። በሆዴ ተኝቼ፣ ልክ እንደ ቻ። እስኪሄዱ ድረስ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ናምን የገደለውን ተኩስ ሰሙ?»

«እትዬ፣ በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል? ከጓሮ በኩል መኪና ሳይመጣ አይቀርም። ወይ ያ የያዝነው ሰውዬ መንገድ አሳይቷቸው ይሆናል። እኔ አላልኩም፤ ሊሆን ይችላል ነው የምለው።» ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። ሸሚዙ በጥላሸት ግራጫ ሆኗል። ሱሪው ግን ከሰል መሰል ግራጫ፣ የካውያው መስመር እንደ ስለት የቆመ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ተመልሰው ይመጣሉ። የሞተውን በኋላ እናልቅስ።»

«እውነት ነው» አለችና ወረደች።

ታክ ሚራንን ከሬሳው ራስጌ አስነሳቻት። ሁለቱ ሴቶች በጓሮ በር ወደ ማንግ ሱቅ ገቡ። ሲወጡ ኬሱክ የላውንደሪ ከረጢት ይዛለች፤ ታክ ሚራን ደግሞ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኬሱክ ሁሉንም ሩዝ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ኬሱክ ራሷ ለሬዲዮ ጣቢያው ደውላ ጣሪያ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ጠይቃ ነበር፤ ከሌላ ሰፈር የመጡ አራት ወጣቶች ጣሪያውን ተረከቡ። ቻ፣ ማንግ፣ ታክ ሚራንና ቢዝሊ ገቡ። ቢዝሊ እጁን ጨርቅ ጠምጥሞበታል፤ ከማንም ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ሬሳ ያለበት ቤት ነው። ጠመንጃችሁን በር ላይ አስቀምጡ» አለች። ቻ አስቀመጠ። ማንግ ትንሽ አመነታና እሱም አስቀመጠ። ኬሱክ ሁለቱን ጠመንጃዎች አንስታ ለታክ ሚራን ሰጠቻት፤ እሷም ከመደርደሪያው ጀርባ ወሰደቻቸው።

«ይኼ ሰውዬ ለምን ተፈታ?» አለ ቻ ወደ ቢዝሊ እየጠቆመ።

«ስላልገደለ። ጥይቱ ናምን ከፊት፣ ከአንገቱ ሥር ገብቶ፣ ከኋላ ከወገቡ በላይ ወጣ፤ ከዚያ ኋላው ያለውን አስፋልት በሳ። ሀያ ዓመት ጨርቅ ሳይ ኖሬአለሁ፤ ክር ወደ የት እንደተገፋ ሳላውቅ አልቀርም። ከላይ ወደ ታች ነው የተተኮሰው። ናም ጆንያውን ተሸክሞ መሰላሉ ሥር ቆሞ ነበር። አንድ ሰው ከላይ ጠራው፤ ቀና አለ። በመኪና የመጣም ሆነ ጓሮ የቆመ ሰው እንደዚያ ሊመታው አይችልም። የተተኮሰው ከጣሪያው ነው።»

ቻ ገረጣ። «ጣሪያው ላይ እኔና ጋሼ ማንግ ብቻ ነበርን።»

«አዎ።»

«እትዬ፣ እኔን ነው?»

«ዝም በል፣ አድምጠኝ። ገዳዩ የተኮሰው ያ ሁሉ ተኩስ መሐል ነው፤ ማንም እንዳይለየው። ሊተኩስ ሲል ከመሰላሉ አፍ ላይ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ሬንጁ ያዘው፤ ምልክቱ አሁንም አለ። የአንተ ሬንጅ ደረትህና ክርንህ ላይ ነው። ጉልበትህ ንጹሕ ነው። እንዳልከው በሆድህ ተኝተህ ነበር። አቶ ማንግም በሆዴ ተኝቼ ነበር ብለውኛል። ሸሚዛቸውን እዩት። ሦስት ቀን ሙሉ የለበሱት ነው፤ ጥላሸት እንጂ አንዲት ጠብታ ሬንጅ የለበትም።»

ሁሉም ወደ ማንግ ዞረ። ማንግ ፈገግ አለ። «ካርቶን አንጥፌ ከሆነስ? ሰውን በሸሚዝ ነፍሰ ገዳይ ያደርጉታል?»

«በሸሚዝ አይደለም፤ በሱሪ ነው። ሁላችንም ሦስት ቀን በአንድ ልብስ ነን። የአንተ ሱሪ ግን ዛሬ ከካውያ የወጣ ይመስላል።» ከዚህ ላይ ‹እርስዎ› ማለቷን እንደተወች ሁሉም ሰማ። «ያን መስመር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁከቱ ከመጀመሩ በፊት ነው የወሰድከው። የእግሩን ጫፍ ገልብጠህ እይ፤ በመርፌ ቁልፍ ያያዝኩት የላውንደሪዬ ቁጥር ያለበት ሮዝ ወረቀት አሁንም አለ። ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ያሰበ ሰው ይነቅለዋል። አንተ ተጣድፈህ ነበር።»

ማንግ ጎንበስ ብሎ አላየም።

«ሾርባ ደፍቼበት ቀየርኩ» አለ።

«ሾርባው የተደፋው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወታደር ለሾርባ ብሎ ሱሪ አይቀይርም ብለህ ሳቅህባት። ከሰባት ሰዓት በኋላ ምን ተገኘና ቀየርክ?» ከረጢቱን ከፍታ ቡኒውን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ውሃው ይንጠባጠብ ነበር። «ከሱቅህ ጓዳ፣ ከመታጠቢያው ውስጥ፣ እኔና ሚስቱ ነን ያወጣነው። ዘፍዝፈኸዋል። ሾርባው ለቋል። ሬንጅ ግን በውሃ አይለቅም።» የቀኝ ጉልበቱ ላይ ጥቁር ክብ ነበር። «ስምንት ዓመት ልብስህን አጥቤያለሁ። ከእድፍ ላይ ምን እንደማነብ ታውቃለህ። ለዚህ ነው ከፖሊስ ይልቅ እኔን ፈርተህ የቀየርከው።»

ቻ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «ለምን?» አለ። የሚጠይቀው ኬሱክን ነው፤ ማንግን ለማየት አልደፈረም። «ወንድማማች ነበሩ እኮ። ለምን?»

ኬሱክ ነጩን ፖስታ ሬሳው ደረት ላይ አኖረችው።

«ከእኛ ማንም አልሞተም ነበር፤ ናም ግን እዝን ይዟል። ትናንት ጀምበር ስትገባ አንተ ጣውላ ልታመጣ ሄደህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ማንግ ወደ ሰማይ አልተኮሰም። አንድ ፌስታል የያዘ ሰው ላይ ተኮሰ። ናም አጠገቡ ነበር፤ አይቷል፤ ያስመለሰውም ለዚያ ነው። ሰውየው ዛሬ ንጋት ላይ ሞተ። አቶ ቢዝሊ ነገሩት። ናም ለማንግ እስከ ቀትር ጊዜ ሰጠው፤ ራስህ ተናገር ብሎ። ቀትር አለፈ። ናም ሩዙን ተሸክሞ ሊሄድ ሲል ማንግ አወቀ፤ ሦስቱ መኪና ደግሞ በዚያው ሰዓት መጣለት።»

ከጣሪያው ላይ የወጣቶቹ እግር ይሰማል።

ማንግ ቀና አለ። አልካደም። ፊቱ በቁጣ ደም ለብሶ ነበር።

«የሚሮጥ ሰው አየሁ። በእጁ ነገር ይዟል። ጠርሙስ መሰለኝ። ዳቦ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሦስት ሌሊት ያልተኛሁት ለማን ነው? ስትጮኹ ማን መጣላችሁ? ፖሊስ? መንግሥት? እኔ ነኝ የወጣሁት። ናም ደግሞ ለማን ሊሰጠኝ ነበር? ጥለውን ለሄዱት። እንድንነድ ለተውን። እነሱ ፊት ቆሜ እጄን ልዘረጋ? ለመንኩት። አንድ ሳምንት ብቻ ዝም በል አልኩት። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት አለኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም።» ወደ ታክ ሚራን ዞረ። «ሱቅሽ የቆመው በእኔ ነው። እኔ ባልኖር ዛሬ አመድ ነበር።»

ታክ ሚራን ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣች። ድምፅዋን አልጨመረችም።

«ይቃጠል ነበር» አለች። «እሱ ኖሮ ይቃጠል ነበር።»

ከወጣቶቹ አንዱ ከመሰላሉ ወርዶ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። «ታዲያ ጣሪያውን ማን ይመራል?» አለ፤ ማንግን እያየ። «ዛሬም ይመጣሉ።»

«እናንተ» አለች ኬሱክ። «ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አድርጉ። ሰው ላይ የሚያነጣጥር ካለ አሁኑኑ ይውረድ።»

ቻ ማንግን በዚያው ዕቃ ቤት አስገብቶ ቆለፈበት። ተመልሶ ቢዝሊ ፊት ቆመና ወገቡን አጥፎ፣ ራሱን እስከ ጉልበቱ ዝቅ አደረገ። ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

«ቀና በል» አለ ቢዝሊ።

ቻ ቀና አለ።

«ከአንተ ሱቅ ስምንት ዓመት ሚስማር ገዝቻለሁ። ስሜ ማነው?»

ቻ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ዛሬ እትዬ ስትጠራው ሰምቶ ነበር፤ ግን የአባቱን ስም ብቻ ነው የያዘው፤ እሱንም ሊለው አፈረ።

«እንደዚያ ነው» አለ ቢዝሊ። በሩን ገፍቶ ወጣ። ናምን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየው እንጂ ሌላ ማንንም አልተሰናበተም። በጓሮው በኩል ሲሄድ ጣሪያ ላይ ያሉት ወጣቶች ጠመንጃቸውን ወደ ጎን አዞሩለት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወታደር መኪናዎች በዋናው መንገድ ገቡ። ሦስት ቀን ሙሉ የተጠሩት ጭሱ ሊያልቅ ሲል መጡ። አብሯቸው የመጣ አንድ የፖሊስ መኮንን ማንግን በካቴና ተረከበና ኬሱክ ፊት ቅጽ ዘርግቶ ጻፈ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ደክሞታል።

«ሟች፣ ናም ኪቾል፣ ሩዝ ነጋዴ» አለ። «ጨረስን። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ኬሱክ ቅጹን አነበበች። እስክሪብቶውን አልተቀበለችም።

«የሞተው ሁለት ሰው ነው።»

«የትናንቱ በሌላ መዝገብ ይሆናል። ማንነቱ ያልታወቀ፣ ከደቡብ ድንበር ማዶ የመጣ ብለው ይዘውት ይሆናል። ወይዘሮ፣ ከተማው እየነደደ ነው፤ ጊዜ የለኝም።»

«መንደዱን አይቻለሁ። ማንነቱ ይታወቃል። ጻፍ።»

ኬሱክ ፊደል በፊደል ነገረችው፣ ቀስ ብላ፣ እጇን ወረቀቱ ላይ እንዳስቀመጠች። ቻ ከኋላዋ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላል። መኮንኑ ተነፈሰና ጻፈ።

«አንብበው» አለች።

«ኢሴቦ ቾ።»

«ተሳስተሃል» አለች ኬሱክ። «ኤውሴቢዮ ቾክ። ሰርዘውና እንደገና ጻፈው።»